መጠለያው የዋልያ፣ ጠባቂውስ?

እውነቱን ልናገር፤ በ2012 መጀመሪያ ደባርቅ የሄድኩት ፎቶ ልነሳ ነበር። ያኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፤ ኪሴ ባዶ፣ ሐሳቤ በሙሉ ጭላዳ መንጋ መሀል ተቀምጬ ስለምነሳው ፎቶ። ፎቶውን ተነስቻለሁ፤ ብዙም አላማረብኝም። ይዤው የተመለስኩት ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ቃል።

ከሳንቃበር ወደ ጊች ስንወጣ ጓዛችንን የጫኑልንን ባለበቅሎ "ጋሼ፣ አገርዎ የት ነው?" አልኳቸው። በዱላቸው ፊት ለፊታችን ያለውን ሜዳ አሳዩኝ። ሳር፣ ጅብራና ነፋስ ብቻ ነው። "እዚያ ነበር ልጄ። አሁን የዋልያ መጠለያ ሆኗል። እኛም ደባርቅ ተጠልለናል።" ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

"መጠለያ" በአገራችን የዱር እንስሳት ጥበቃ ውስጥ የታወቀ ቃል ነው። ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ነው፣ ባቢሌ የዝሆን። ሰሜን ተራሮች በወረቀት "ብሔራዊ ፓርክ" ይባል እንጂ ለዋልያ ከመጠለያም በላይ ነው፤ ከእነዚያ ገደሎች ውጪ ዋልያ በዱር የሚኖርበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ የለም። የብሔራዊ ቡድናችን ስም፣ የቢራችን ስም፣ እዚያ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። መጠለያው ለታለመለት ነገር ብቻ መዋል አለበት በሚለው ሁላችንም እንስማማለን። እኔን ያስጨነቀኝ፣ ይህን የሚጠብቀው ማን ነው የሚለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ ጠመንጃ በየቤቱ ሲበዛ ዋልያም እያለቀ ሄደ። በ1960 አካባቢ ሲ. ደብሊው. ኒኮል የሚባል ወጣት ዌልሳዊ የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ ደባርቅ ገባ። ሁለት ዓመት ያህል ከአዳኝና ከመጥረቢያ ጋር ሲታገል ቆይቶ ሄደ፤ ስለዚያ ጊዜም መጽሐፍ ጻፈ። (ሰውየው በኋላ ጃፓን ገብቶ ዝነኛ ደራሲ ሆኗል። የሰው ዕድል አይገርምም?) በጥቅምት 1962 ፓርኩ በሕግ ተቋቋመ። ያኔ የቀሩት ዋልያዎች 150 ገደማ ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘለው ነገር አለ። መስመሩ ሲሰመር መንደሮቹ ውስጥ ነበሩ። ጊች ገብስ ይዘራ ነበር፣ በግ ያረባ ነበር። ፓርኩ ነው ሰዎቹ ላይ የመጣው።

በ1970 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ሰሜን። ደስ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ግን ደርግ ከገደሉ ግርጌ ከነበሩ መንደሮች ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በኃይል አስነሳ። ውጤቱስ? ጦርነቱ ሲበረታ ጠባቂዎቹ ወጡ፣ ካምፖቹ ፈራረሱ፣ ተራራው ባለቤት አልባ ሆነ። ጦርነቱ ሲያበቃ ዋልያው ተመናምኖ ተገኘ። ከብቱና እርሻው ሲጨመርበት፣ ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድም ፓርኩን ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ በ1989 ሰሜን "አደጋ ላይ ያለ ቅርስ" ተባለ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከቀረቡት ጉዳዮች ዋነኞቹ ግጦሹን መቀነስና ሰፈራውን ማንሳት ነበሩ። በ2008 ጊች ተነሳ፤ ከ400 በላይ አባወራ ካሳ ተከፍሎት ደባርቅ ገባ። በ2009 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። እኛም በየፌስቡካችን "እንኳን ደስ አለን" ተባባልን። እኔም ብያለሁ።

የገበሬው ከብት ምንም አልጎዳም ልል አይደለም። ጎድቷል። በግና ከብት ጓሳውን ሲግጠው ለዋልያ የሚተርፈው ገደሉ ብቻ ነው። ውሻ ደግሞ ለቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይመጣል። ይህን የሚክድ ሰው ጊችን አላየም።

ነገር ግን ቁጥሩን እዩት። በ1989 ወደ 250 ወርዶ የነበረው ዋልያ ከ700 በላይ የደረሰው ጊች ገና ሳይነሳ ነው። ሰውም ዋልያም እዚያው እያሉ ማለት ነው። ከጊች መነሳት በኋላ ባሉት የጦርነት ዓመታት ደግሞ ቁጥሩ ከነበረበት ከግማሽ በታች ወርዷል። ለቁልቁለቱ መንደሩ መነሳቱ ነው ምክንያቱ ማለቴ አይደለም። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት፣ ጭና ድረስ ሲመጣ፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ሲጀመር ቱሪስት ቀረ፤ በቱሪስት የሚያድሩት አስጎብኚ፣ ባለበቅሎና ምግብ አብሳይ ሥራ ፈቱ። ተኩስ በበዛበት ተራራ ማን ዋልያ ይቆጥራል? እኔ የምለው፣ "ሰው ሲወጣ እንስሳ ይተርፋል" የሚለው ስሌት ብቻውን አልሠራም ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ አለ። እዚያ ቀሮ የሚባል ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሳሩን ጠብቆታል። ሜዳው አንዳንዴ ሦስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ሲከፈት ባለመብቱ ለቤት ክዳን ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል፤ ከዚያ ይዘጋል። ደንብ አፍራሽ ክፉኛ ይቀጣል፤ ቀጪው ደግሞ የራሱ ጎረቤት ነው። እርግጥ ገነት አልነበረም። ርስት የሌለው ሰው ድርሻ አልነበረውም፤ የ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው የተደሰተ አይጠፋም። በኋላ ግን ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬም እዚያው ናቸው።

ሰሜን እንዲህ ዓይነት ሰው አጥቶ ነው እንዳትሉኝ። በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጡ፤ ዜናውም እነሱ ሆኑ። እነሱ እስኪደርሱ ግን እሳቱን በቅጠልና በአፈር ሲታገል የሰነበተው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ባለበቅሎው ጋሼም ወጥተው ነበር። "ከተነሱበት ቦታ?" አልኳቸው። "ታዲያ ይቃጠል?" አሉኝ።

ስንመለስ በቅሎዋ ከመንገዱ ዳር አንገቷን ወደ ጓሳው ዘንበል አደረገች። ገመዱን ሳብ አደረጓት። "ተይ አንቺ! የዋልያ ነው።"