ያልታየን ምድር በእጅ መሥራት፤ የጦር ጨዋታ መልክዐ ምድር አጭር ታሪክ

መሐንዲስ ሞዴል በሚሠራበት ጊዜ ሞዴሉ የሚመሳከርበት ዋና ነገር አብዛኛውን ጊዜ አለ። ግድቡ የሚቆምበት ሸለቆ በቀያሾች ተለክቷል፤ የሕንፃው ፕላን ተነሥቷል፤ የሞዴሉም ትክክለኛነት በዚሁ ይመዘናል። ይሁን እንጂ ማንም ያልረገጠውን፣ ማንም ቀያሽ ያልለካውን የሌላ ዓለም ምድር በሞዴል ሥራ የተባለ ሰው ሥራው ትክክል መሆኑን በምን ያውቃል? ጥያቄው ለጊዜው የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። በእርግጥም የመጣው ከጨዋታ ነው፤ ይኸውም በጥቃቅን የወታደር ምስሎች በጠረጴዛ ላይ ከሚካሄደው የጦር ጨዋታ ነው። ነገር ግን የዚህ ጨዋታ መልክዐ ምድር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተጓዘበት መንገድ ሲመረመር ስለ ሞዴል ሥራ በጠቅላላው የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጦር ጨዋታ ከሰንጠረዥ ጨዋታ የተለየው መሬት ወደ ገበታው በገባ ጊዜ ነው። በጀርመን አገር የብራውንሽቫይግ መምህር የነበረው ዮሐን ሄልቪግ በ1780 ባወጣው ጨዋታ የሰንጠረዡን 64 ቤቶች ከ1,600 በላይ አደረሳቸው፤ ውሃውን፣ ተራራውንና ረግረጉንም በየራሱ ቀለም ለየ። ከዚህ በኋላ ፈረሰኛ በፈለገበት የሚዘል መሆኑ ቀረ፤ መንገዱን የሚወስንለት መሬቱ ሆነ። ከሄልቪግ ቀጥሎ የፕሩሲያ መንግሥት ባለሥልጣን የነበረው ባሮን ፎን ራይስቪትዝ መጀመሪያ በአሸዋ ገበታ ላይ ሞከረ። በ1812 ደግሞ ለንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ሦስተኛ መሳቢያዎች ያሉት ትልቅ ጠረጴዛ አበረከተ። በመሳቢያዎቹ ውስጥ ከጀሶ ተቀርጸው ቀለም የተቀቡ ኮረብታዎች፣ ወንዞችና መንደሮች በአራት ማዕዘን ቁራጭ ተከፋፍለው ተቀምጠዋል፤ ቁራጮቹ እየተገጣጠሙም በየጊዜው አዲስ አገር ያስገኙ ነበር። ምድርን በሚለዋወጥ ክፍል ሠርቶ መገጣጠም ዛሬም የዚህ ጥበብ መሠረት ነው።

የባሮኑ ልጅ ግን ከአባቱ የተለየ መንገድ ያዘ። በ1824 ባሳተመው ደንብ ጀሶውን ትቶ በ1፡8000 ስኬል የተነሣ ካርታ ወሰደ፤ የውጊያውን ዕድልም ዳይስ በሚባለው ባለ ስድስት ገጽ ኩብ እንዲወሰን አደረገ። የፕሩሲያ ጦር ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ጨዋታውን አይቶ ለሠራዊቱ ማሠልጠኛ እንዲሆን አዘዘ። በዚህ ውሳኔ የተሻለው ካርታ መሆኑ አይካድም፤ መኮንኑ በእውነተኛው ሜዳ የሚያገኘው በቅየሳ የተነሣውን ምድር ነውና። በእጅ የተቀረጸው ምድር ከጦር ትምህርት ቤት ሲወጣ መጠጊያ ያገኘው በመኖሪያ ቤት ነው።

ወደ መኖሪያ ቤት መግባቱን በይፋ ያሳወቀው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነው። ዌልስ በ1913 ባሳተመው የአሻንጉሊት ጦርነት ደንብ ላይ እንደሚተርከው፣ የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ምንጣፍ ላይ በተደረደሩ ወፋፍራም መጻሕፍት የተሠራ ነበር። በኋላ ጣውላ እየተነባበረ ኮረብታ፣ የዛፍ ጭራሮ ደን፣ በጠመኔ የተሰመረ መስመርም ወንዝ ሆነ። የሚያስገርመው ይህ ሰው ከዚያ 15 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1898፣ ከማርስ የመጡ ወራሪዎች እንግሊዝን ሲወጉ የሚያሳይ ልብ ወለድ የጻፈ መሆኑ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከማርስ የመጣ ቀይ አረም አገሩን ያለብሰዋል። አረሙም ዝም ብሎ እንግዳ አይደለም፤ ውሃ ባገኘበት ሁሉ ያለ ልክ ይፋፋል፤ በመጨረሻም የምድርን ባክቴሪያ መቋቋም ስለማይችል ይበሰብሳል። ዌልስ ለባዕዱ ተክል ሕግ ሰጥቶታል ማለት ነው። ሆኖም ምንጣፉ ላይ ሲጫወት የሠራው የሚያውቀውን የእንግሊዝ ገጠር ነበር። የባዕድ ዓለም ሐሳብና የእጅ ሥራው ምድር በአንድ ሰው ቤት ጎን ለጎን ኖረው ሳይገናኙ ቀሩ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞዴልን ወደ ከባድ ቁም ነገር መለሰው። በእንግሊዝ አገር ሜድመናም በተባለው የአየር ኃይል የፎቶግራፍ ምርመራ ጣቢያ የሞዴል ክፍል ነበር። ሠራተኞቹ ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች እየተመሩ ስስ ሰሌዳ በኮንቱር ቆርጠው ያነባብራሉ፤ ደረጃውን ሞልተው ያለሰልሳሉ፤ ከዚያም ቤቱንና ዛፉን ይተክላሉ። በግንቦት 1943 የጀርመንን ግድቦች የደበደቡት አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሜኔን ግድብ በሞዴል አጥንተው ነበር። በዚህ ሥራ የአንድ ኮረብታ ከፍታ በስሕተት ቢቀመጥ የሚከፈለው ዋጋ ሕይወት ነው። የሞዴሉ ዳኛ ፎቶግራፉ ነበር፤ ከፎቶግራፉ የተለየ ሁሉ ስሕተት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የጦር ጨዋታ እንደገና የሲቪሎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲሆን የቁሳቁስ ለውጥ አጋጠመው። የአሸዋ ገበታ ለመቅረጽ የተመቸ ቢሆንም ክብደቱ የማይቻል ነው። 1.8 በ1.2 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ በ10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ ቢሞላ፣ ለአንድ ኪዩቢክ ሜትር 1,600 ኪሎ ግራም ተይዞ ጭነቱ 345 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህ ለተራ የቤት ጠረጴዛ የሚታሰብ አይደለም። በ1940ዎቹ በአሜሪካ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በጀርመን ለገበያ የቀረበው በአየር የተነፋ ፖሊስታይሪን፣ በተለምዶ ፎም የሚባለው፣ ይህን ችግር አስወገደው። ለአንድ ኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ዓይነት ያንኑ ጠረጴዛ ቢሞላ ክብደቱ ከ7 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ለሙቀት መከላከያና ለዕቃ ማሸጊያ የተፈጠረው ፎም በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ እንደ ቅቤ ስለሚቆረጥ፣ ተራራ መሥራት ከአናጢ እጅ ወጥቶ ለማንኛውም ትዕግሥተኛ ሰው ሥራ ሆነ።

የባዕድ ዓለም ሐሳብና የእጅ ሥራው በሰፊው የተገናኙት ከዚህ በኋላ ነው። በ1987 ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሪክ ፕሪስትሊ የተደረሰውን «ዋርሃመር 40,000» አወጣ። ጨዋታው በሩቅ ዘመን፣ በልዩ ልዩ ፕላኔቶች ላይ የሚካሄድ ስለሆነ ተጫዋቹ የሚያመሳክርበት ካርታም ፎቶግራፍም የለውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መልክዐ ምድር እጅግ ጥቂት ስለነበረ ሁሉም የሚጣለውን ዕቃ ማየት ጀመረ፤ ባዶ የዲዮዶራንት ዕቃ ተንሳፋፊ የጦር መኪና ሲሆን፣ የማሸጊያ ፎም ደግሞ ምሽግ ሆነ፤ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጥ የፕላስቲክ ተክልም የባዕድ ደን ሆኖ ቆመ። በ1996 ኩባንያው ራሱ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ።

እንግዲህ በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ማንም ያላየው ምድር ከሆነ ማንኛውም ቅርጽና ማንኛውም ቀለም ትክክል ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ግን ከጨዋታው ውጭ የተፈጸሙ ሁለት ታሪኮች ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው የቼስሊ ቦንስቴል ታሪክ ነው። ቦንስቴል በአርክቴክቸር ሙያ ሠልጥኖ በኒው ዮርክ የክራይስለር ሕንፃ ሥራ የተካፈለ፣ የጎልደን ጌትን ድልድይ በሥዕል ያሳየ፣ በኋላም የሌሎችን ዓለማት መልክ በመሣል ከሁሉ የታወቀ ሰው ነበር። በ1957 ለቦስተን የሳይንስ ሙዚየም 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጨረቃ ሥዕል ሠራ። ተራሮቹ እንደ ጦር የሾሉ ነበሩ። ምክንያቱም በጨረቃ ላይ ነፋስና ዝናብ ስለሌለ ድንጋዩን የሚያለሰልሰው ነገር የለም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንኮራኩሮች ባመጡት ፎቶግራፍ፣ በ1969ም ሰው ራሱ ባረፈ ጊዜ፣ የጨረቃ ተራሮች ክብና ልስልስ ሆነው ተገኙ፤ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ያለማቋረጥ የወረደባቸው የጠፈር ድንጋይና ብናኝ ፈጭቷቸዋል። ሥዕሉ በ1970 ከግድግዳው ወረደ። የቦንስቴል እጅ አልሳተም፤ የሳተው መሬቱን ምን እንደቀረጸው ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው።

ሁለተኛው በሐምሌ 1976 በማርስ ላይ ያረፈችው የቫይኪንግ 1 ታሪክ ነው። በማረፏ ማግስት የተሰራጨው የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ሰማዩን ወደ ሰማያዊ ያደላ አድርጎ አሳየ፤ የቀለሙ ልክ በጥንቃቄ ሲስተካከል ግን የማርስ ሰማይ በተንሳፋፊ አቧራ የተነሣ ወደ ሮዝ የሚያደላ መሆኑ ታወቀ። ቀለሙን ባቀናበሩት ሰዎች ዘንድ ሰማይ ማለት ሰማያዊ ነው የሚለው የምድር ልማድ ከመሣሪያው መረጃ ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ቅርጽም ሆነ ቀለም ምክንያት አለው። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የማርስን ሁኔታ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ለንጽጽር የሚመጡበት ዳሎል ቢጫው፣ ቀዩና አረንጓዴው ተደባልቆ ከዚህ ዓለም የወጣ ይመስላል፤ ሆኖም ቢጫው ድኝ፣ ቀዩ የብረት ዝገት፣ ነጩም ጨው ነው። እያንዳንዱ ቀለም የፈላው ውሃ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደፈሰሰ ይናገራል።

ጥሩ የባዕድ ምድር ሠሪም ሽቦውን ከማጋሉ በፊት ይህንኑ ይጠይቃል። ቀራጩ ነፋስ ከሆነ ዓለቱ በነፋሱ በኩል ተበልቶ አቧራው ከጀርባው መከመር አለበት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ዓለት ሁሉ የተበላውም በአንድ ወገን ነው። ረጃጅምና ቀጫጭን ገደሎች የሚፈልግ ከሆነ ስበቱ አነስተኛ የሆነ ዓለም ያስብ፤ ስበቷ የምድር 38 በመቶ በሆነችው ማርስ የኦሊምፐስ ተራራ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ተክል ካለ ደግሞ ውሃው የት ነው?

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ጨዋታው የራሱን መሥፈርት ያስገባል። ምስሎቹ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚቆሙ ስኬሉ ወደ 1፡60 ይጠጋል። ከላይ የተጠቀሰው ጠረጴዛ በሙሉ የሚወክለው እንግዲህ 108 በ72 ሜትር የሆነ ቦታ ብቻ ነው፤ የተራራ ሰንሰለት አይገባበትም፤ የተራራ ሥር ግን ይገባበታል። ምስሎቹ ማዕከለ ስበታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በተፈጥሮ ተዳፋት ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ሠሪው ኮረብታውን በደረጃ ይቆርጠዋል፤ ዌልስ ጣውላ ያነባበረበት ምክንያትም ከዚህ አይርቅም። ለተፈጥሮ እውነተኛ የሆነው ሁሉ ለጨዋታው አይመችምና፣ በሁለቱ መካከል ማስታረቅ የሠሪው ፈንታ ነው።

የቀለም ቅቡም የራሱ ሳይንስ አለው። የሚረጭ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፖሊስታይሪንን ስለሚበላ ፎሙ አስቀድሞ በነጭ የእንጨት ኮላና በደቃቅ አሸዋ ይሸፈናል። ሽቦው ፎሙን ሲያቀልጥ ጎጂ ጭስ ስለሚወጣ መቁረጡ መስኮት ተከፍቶ የሚሠራ ነው። በመጀመሪያ ሁሉም ነገር በጥቁር ቀለም ይቀባል። ከዚያም ቀለሙ ከሞላ ጎደል የተጠረገበት ደረቅ ብሩሽ ከላይ ከላይ እየተዳሰሰ፣ ከጨለማው ወደ ብሩሁ በየደረጃው ይወጣል፤ ብሩሹ ጉብታውን ይነካል፣ ስንጥቁን ይዘለዋል። ይህ የሚደረገው ለውበት ብቻ አይደለም። ከግድግዳና ከጣሪያ የሚንጸባረቀው የክፍል ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ በትንሿ ተራራ ላይ የጠራ ጥላ አይጥልም፤ ስለዚህ ፀሐይ የምትሠራውን ብሩሽ ይሠራላታል። በመጨረሻም አንድ የአቧራ ቀለም በዓለቱ ግርጌ፣ በፍርስራሹ ላይ፣ በወታደሮቹ ጫማ ላይ ሳይቀር ይደገማል። ነጣጥሎ የተሠራውን ሁሉ የአንድ ዓለም አካል የሚያደርገው ይህ አቧራ ነው።

ከ2006 ወዲህ በፋብሪካ የተቀረጹ የፕላስቲክ ፍርስራሾች ለዚሁ ጨዋታ በሰፊው ይሸጣሉ፤ በቤት ውስጥ የሚቀመጥ የሦስት አቅጣጫ ማተሚያም የፈለጉትን ቅርጽ በአንድ ሌሊት ያወጣል። ሥራው ፈጥኗል፤ ጥራቱም ከብዙዎች እጅ ይበልጣል። ይህን መንቀፍ አይገባም፤ ካርታው ጀሶውን የተካውም በበቂ ምክንያት ነበር። ነገር ግን የተዘጋጀውን ፍርስራሽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ የሚያኖር ሰው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ መጠየቅ አይገደድም። ሽቦውን በእጁ የሚይዘው ሰው ግን ሳይጠይቅ አንድ ዓለት መቁረጥ አይችልም። ይህ ልዩነት በመሐንዲስ ጠረጴዛ ላይም አለ። ኮምፒዩተሩ የመሬቱን ገጽ በሴኮንዶች ይስላል፤ ያ ገደል ለምን እዚያ እንደቆመ፣ የትኛው ውሃ እንደቆረጠውና ነገ በየት በኩል እንደሚናድ መጠየቅ ግን አሁንም የባለሙያው ድርሻ ነው። ጥያቄው ሳይነሣ የቀረበት ሥራ በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን የሚያስከትለው የማያሳምን ኮረብታ ብቻ ነው፤ በወንዝ ዳር ቢሆን ግን የሚናደው እውነተኛ ድልድይ ነው።