ሰም፣ አስፋልትና ውሃ በሞያሌ

አዲስ መኪና የገዛ ሰው ግቢው ውስጥ አቁሞ በሻምፑ ሲያጥብ፣ ፖሊሽ ሲያደርግና ሰም ሲቀባ ያየ ሁሉ ፍርዱ ብዙም አይለያይም፤ ማጠቡ ንጽሕና ነው፣ ሰሙ ግን ቅንጦት። ይህ ፍርድ ውሃ በተትረፈረፈበት ከተማ ያስኬድ ይሆናል። በኬንያዋ ሞያሌ ግን ታሪኩም ምድሩም የሚመሰክሩት ተቃራኒውን ነው። እዚያ ቅንጦቱ ከቧንቧ የሚፈሰው ውሃ ነው፤ ሰሙ ቁጠባ ነው። ማስረጃው የሚገኘው ከከተማዋ አመሠራረት፣ ከመንገዷ ታሪክና ከቀለሙ ከራሱ ባሕርይ ነው። የመኪና ቀለም ሲያበራ እንዲኖር የማይቧጭረው መንገድ፣ መወልወልን የሚቀበል ስሪትና የሚያጥበው ውሃ ያስፈልገዋል። ሞያሌ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያገኘችው ዘግይታ ነው፤ ሦስተኛው ከመመሥረቷ ጀምሮ ያልተፈታ ጉዳይዋ ሆኖ ኖሯል።

ነገሩን ከድንበሩ እንጀምር፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በ1902 እና በ1903 በአርኪባልድ በተር የተመራ የእንግሊዝ ቡድን የኢትዮጵያን ደቡባዊ ጠረፍ ሲያስስ፣ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የድንበሩን መስመር ነደፈ። የግሪክ ተወላጁ ፊሊፕ ዛፊሮ የብሪታኒያ የጠረፍ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመና ሞያሌ ላይ ጣቢያ አቋቋመ፤ ጣቢያውም በአዲስ አበባ በነበረው የብሪታኒያ መልእክተኛ በሰር ጆን ሃሪንግተን ስም ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። በታኅሣሥ 1907 ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታኒያ የተስማሙበት ውል ደግሞ ከመስመሩ በተጨማሪ ስለ ውሃ ደነገገ። በሁለቱም በኩል ያሉ ጎሳዎች እንደ ቀድሟቸው በግጦሹ እንዲጠቀሙና ወደ ጉድጓዶቹ በነፃነት እንዲደርሱ ፈቀደ። ውሉን የጻፉት ሰዎች የገባቸው እውነት ግልጽ ነው፤ በዚህ አገር መሬትን በመስመር መክፈል ይቻላል፣ ውሃን ግን በመስመር የከፈለ ሰውና ከብት ይጨርሳል። ስለዚህ በሞያሌ ውሃ ለምን ይውላል የሚለው ጥያቄ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ከተማዋ ስትቆረቆር አብሮ በውል የተጻፈ ነው።

ውሉ በተፈረመበት ወቅት መኪና ለአካባቢው ገና እንግዳ ነበር። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1908 መጀመሪያ አዲስ አበባ ያስገባት ሲድሊ መኪና በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ተብላ ትነገራለች። የዚያ ዘመን መኪና ቀለም የሠረገላ ሠሪዎች ሥራ ነበር፤ በብሩሽ ደጋግሞ የሚቀባ፣ በየመሃሉ የሚፈገፈግ፣ ለመድረቅ ሳምንታት የሚፈጅ የዘይት ቀለምና ቬርኒሽ። ፎርድ ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲን በጥቁር ብቻ ያመረተውም ወጪና ጊዜ ለመቆጠብ ነው። በ1923 ዱፖንት ዱኮ የተባለውን በአየር የሚነፋና ቶሎ የሚደርቅ የናይትሮሴሉሎስ ቀለም ለመኪና አቀረበ፤ የፋብሪካው ሥራ ከሳምንታት ወደ ሰዓታት አጠረ። አዲሱ ቀለም ግን ዕዳም ይዞ መጣ፤ ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይደበዝዛል፣ ካልተወለወለና ሰም ካልተቀባ ድምቀቱን አይጠብቅም። በቤት ፖሊሽና ሰም የመቀባት ልማድ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያ ሲታይ ልማዱ ሲጀመር የኬሚስትሪ ጣጣ ማቃለያ ነበር፤ የሰዉ ኩራት የተጨመረበት ቆይቶ ነው።

ያ ልማድ ወደ ሰሜን ኬንያ ለመዝለቅ መንገድ አላገኘም። ሰሜናዊው የድንበር አውራጃ በቅኝ አገዛዙ ዘመን ያለ ፈቃድ የማይገባበት ዝግ አገር ነበር፤ የ1934ቱ የልዩ አውራጃዎች ሕግም ቁጥጥሩን አጠበቀው። አሜሪካውያኑ ፊልም ሠሪዎች ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን ከ1924 እስከ 1927 ማርሳቢት ተራራ ላይ ባለው ፓራዳይዝ ሐይቅ ዳር ሲሰፍሩ መኪኖቻቸውን የነዱት መንገድ ሊባል በማይችል ምድር ነው። መኪና በብዛት የገባው ከጦርነት ጋር ነው። በሐምሌ 1940 ጣሊያኖች ከበባ አድርገው የእንግሊዞቹን ሞያሌ ያዙ፤ በየካቲት 1941 የደቡብ አፍሪካ ጦር በካሚዮን ተጉዞ ባካሄደው ዘመቻ ከእጃቸው ወጣች። የጦር መኪና ደግሞ ሆን ተብሎ ብርሃን እንዳይመልስ ተደርጎ ይቀባል፤ የሚያብረቀርቅ ኮፈን ለአውሮፕላን አብራሪ ዒላማ ነውና። የሞያሌ ሕዝብ በብዛት ያያቸው የመጀመሪያዎቹ መኪኖች እንግዲህ ድምቀት የተከለከለባቸው ነበሩ።

ከነፃነት በኋላም ለረጅም ጊዜ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከ1963 እስከ 1967 የዘለቀው የሺፍታ ጦርነት አካባቢውን ከቀሪው ኬንያ ይበልጥ አራራቀው። ከዚያ በኋላ ላሉት ዐሥርት ዓመታት ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የጠጠርና የአቧራ መንገድ ሆኖ ቀረ፤ በሽፍታ ፍርሃት መኪኖች በፖሊስ ታጅበው በቡድን የሚጓዙበት፣ ተሳፋሪ ከብት በጫነ ካሚዮን አናት ላይ ተንጠላጥሎ ቀናት የሚፈጅበት። ከማርሳቢት በስተሰሜን ያለው የዲዳ ገልገሉ ሜዳ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ከፊት የሚሄድ መኪና ጎማ የሚያፈናጥረው ጠጠር የተከታዩን ኮፈንና ፓራፋንጎ እስከ ብረቱ ይልጠው ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ሾፌር ይጨነቅ የነበረው ለባሌስትራ፣ ለጎማና ለራዲያተር ነው። መኪና ይታጠብ ነበር ቢባል እንኳ ዓላማው የተሰነጠቀውን ብረት ለማየት እንጂ ቀለሙን ለማድመቅ ሊሆን አይችልም። ለአንድ ጉዞ እንኳ የማይተርፍን ቀለም ሰም መቀባት ለማንም ትርጉም አይሰጥም።

ይህን የለወጠው አስፋልቱ ነው። ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው መስመር ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የታቀደው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ነው፤ የኬንያው ክፍል በአፍሪካ ልማት ባንክ፣ በአውሮፓ ኅብረትና በሌሎች ገንዘብ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ የመጨረሻዎቹ ቁራጮች በ2016 እና በ2017 አካባቢ ተጠናቀቁ። ቀናት ይፈጅ የነበረው የናይሮቢ ጉዞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሆነ። በታኅሣሥ 2020 ደግሞ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን መርቀው ከፈቱ። ቀድሞ ካሚዮንና ላንድሮቨር ብቻ ይደፍሩት በነበረው መስመር የቤት መኪና መንዳት የሚያዋጣ ሆነ። የቀለም እንክብካቤ ለሞያሌ ትርጉም ያገኘው እንግዲህ ከዚህ ወዲህ ነው። ለዚህም የሀብት መጨመር ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ በከብት ንግድ የበለጸገ ሰው በሞያሌ ከአስፋልቱ በፊትም ነበር፤ ገንዘቡን የሚያውልበት አንጸባራቂ ቀለም ግን መንገዱ አይተውለትም ነበር።

ቀለሙም በበኩሉ ሌላ ሆኗል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ጥርት ያለ ሽፋን አላቸው። ከዚህ የሚነሳው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ክሊሩ ራሱ ጠባቂ ከሆነ ሰም ለምን አስፈለገ? በእርግጥ ክሊር ያለው መኪና እንደ ዱኮው ዘመን ሰም ስላጣ ብቻ አይጠፋም። ነገር ግን የክሊሩ ውፍረት ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከጸጉር ክር ይቀጥናል። ፖሊሽ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቀለም ላይ የሚጨምረው የለም፤ የተጫረውን ለማስተካከል ከክሊሩ ልጦ ያነሳል። ስለዚህ አዲስ መኪናን በየወሩ ፖሊሽ ማድረግ የመኪናውን ጥሪት መብላት ነው። ዋናው ብልሃት ጭረቱ እንዳይፈጠር መከላከል ነው፤ ጭረቱን የሚፈጥረው አቧራ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከማንኛውም የመኪና ቀለም ይጠነክራል። አስፋልቱ ጠጠሩን ቢያስቀር በደረቁ ወራት ከሜዳው የሚነሳውን አቧራ አላስቀረም፤ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጎ መሄድም ኮፈኑን በአሸዋ ወረቀት እንደመፈተግ ነው። ሰም የተቀባ ገጽ ግን ለስላሳ ስለሆነ አቧራው አጥብቆ አይይዝም፤ በትንሽ ውሃ፣ ሳይፈተግ ይለቃል።

የክርክሩ ማጠንጠኛም ይኸው ትንሽ ውሃ ነው። ሞያሌ በጉድጓድ፣ በኩሬና በቦቴ ውሃ የምትኖር ከተማ ናት፤ በብዙ ቤት ውሃ የሚለካው በጀሪካን ነው። በድንበሩ ማዶ ደግሞ ቱላ የሚባሉት ጥንታውያን የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች በደረጃ ተደራርበው እየዘመሩ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስከብር አባ ሄረጋ የሚባል ኃላፊ አለ። ይህ ሥርዓት ውሃን ለሚፈልግ ሁሉ አይከለክልም፤ የሚከለክለው ያለ ተራና ያለ ልክ መቅዳትን ነው። አሁን ሒሳቡን እንየው። ግፊቱ ደህና የሆነ ቧንቧ ዐሥር ደቂቃ ከፈሰሰ ከ100 ሊትር በላይ ይሄዳል፤ አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ሰም የተቀባን መኪና በጥላ ሥር አቁሞ፣ አቧራውን በጥቂት ውሃ አስለቅቆ፣ አንዱን ባልዲ ለሻምፑ ሌላውን ለስፖንጁ ማለቅለቂያ አድርጎ ማጠብ ከአንድ ጀሪካን ብዙም አያልፍም። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ማዕድን ሲበዛበት ደግሞ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጠብታ ነጭ ዕድፍ ይተዋል፤ ስለዚህ ማለዳ አጥቦ ወዲያው ማድረቅ ለውሃውም ለቀለሙም ይበጃል። የሰሙ አፈጣጠር ራሱ ለዚህ ምድር የተሠራ ያስመስለዋል። ካርናውባ የሚባለው ሰም የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ደረቅ አገር ከሚበቅል ዘንባባ ነው፤ ዛፉ ቅጠሉን በሰም የሚሸፍነው ውሃው በፀሐይ እንዳይመጠጥበት ነው። የካርናውባው ሰም የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። የንብ ሰም ግን 62 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ስለሚጀምር በቆላ ፀሐይ የጋለ ጥቁር ኮፈን ላይ ብቻውን አይዘልቅም።

ከብት በሚጠማበት አገር መኪና ማጠቡ ራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ይኖራል። በድርቅ ወራት ይህ ተቃውሞ መልስ የለውም፤ ያኔ መኪናው አቧራውን ይልበስ። በሌላው ጊዜ ግን መኪናውም ለባለቤቱ እንደ ከብቱ ሀብት መሆኑ አይካድም። ኬንያ ውስጥ አዲስ መኪና ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከጃፓን በሞምባሳ ወደብ የገባ ያገለገለ መኪና ነው፤ ጃፓንም እንደ ኬንያ በመንገዱ ግራ ስለምትነዳ መሪው በቀኝ ያለ መኪና ትልካለች። ሕጉ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነውን እንዳይገባ ይከለክላል፤ ስለዚህ የቀለም ይዞታ በሽያጭ ጊዜ ዋጋ ይወስናል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ውጭ ያለ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ቀድሞ የገባውን ማቆየት ይበልጥ ያስፈልጋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እንደገና በአየር የተነፋ መኪና ቀለሙ ውስጡ እስኪደርቅ ሳምንታት ስለሚፈልግ፣ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በቅርቡ መቀባት አለመቀባቱን ሳያጣራ ሰም ለመቀባት መቸኮል የለበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከላቫጆ ልጆች በኩል የሚመጣ ነው፤ ሰው ሁሉ በግቢው ካጠበ እነሱ ምን ይበላሉ? ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ግን በቤትና በላቫጆ መካከል ያለው ምርጫ ከውሃው ልክ ያነሰ ጉዳይ ነው። በአንድ ጀሪካን አጥቦ ሰም የሚቀባ ላቫጆ ቧንቧ ከፍቶ ከሚተው ግቢ ይሻላል፤ ሰም መቀባት ከማጠብ ይልቅ ጊዜና ክህሎት ስለሚጠይቅም ለልጆቹ የተሻለ ዋጋ የሚያስገኝ ሥራ ነው። ለዚህ ደግሞ ከሌላ ከተማ የሚቀዳ ደንብ አያስፈልግም። የ1907ቱ ውል ማንም ከጉድጓድ እንዳይከለከል ደነገገ፤ የቱላው ሥርዓት ደግሞ ማንም ከተራው በላይ እንዳይቀዳ ይጠብቃል። ሞያሌ መኪና በማጠብ ላይ ሕግ ማውጣት ብትፈልግ ከእነዚህ ከሁለቱ የተሻለ መነሻ አታገኝም። ሁለቱን ያገናዘበ ሕግ ደግሞ ገደቡን የሚያኖረው በጀሪካኑ ቁጥር ላይ ነው፤ ሰሙን የሚከለክልበት ምክንያት የለውም።