የበሽሎ ደለል ሒሳብ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የተፋሰስ ሥራ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

ከጉና ተራራ ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ገደላገደል የሚወርደው ጎርፍ ግን ብዙው ሐይቁን ሳይነካ በበሽሎና በሌሎች ገባሮች ዓባይን ይቀላቀላል። የዚህ አፈር መዳረሻ ለረጅም ዘመን ሱዳን ነበር። በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሮዘሪስ ግድብ በደለል ብዙ አቅሙን ካጣ በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ቁመቱ እንዲጨምር ተደርጓል። ዛሬ ደለሉን ቀድሞ የሚቀበለው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ነው። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ስታስተናግድ ስለ ፋይናንስ ብዙ ተነገረ፤ የስማዳን እርከን ያነሣ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

እርከን መሬት ይበላል። ተዳፋቱ በከፋ ቁጥር እርከኑ ይቀራረባል፤ በሬ ማዞር ይቸግራል፤ በድንጋዩ መሐል አይጥ ይራባል። ማሳው ከአንድ ሄክታር ለሚያንስ ገበሬ ጉዳቱ በመጀመሪያው ክረምት ይታያል፤ አፈሩ እስኪያገግም ግን ዓመታት ያልፋሉ። በጥርና በየካቲት በዘመቻ የተካበ እርከን ሰኔ ላይ ሲታረስ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርት ሰነፍ ሪፖርት ነው። ገበሬው ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል፤ ባሕር ዛፍ የሚተክለውም በዚሁ ሒሳብ ነው።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች በነፍስ ወከፍ በወር 5 ቀን በሕዝባዊ ሥራ እርከንና ክትር ይሠራሉ። ክፍያው የተመሠረተው በቤተሰቡ የእህል ጉድለት ላይ ነው፤ ቦረቦሩ መዳኑ፣ ደለሉ መቀነሱ አይታሰብበትም። ቤተሰቡ ራሱን ሲችል ከፕሮግራሙ ይመረቃል፤ ያን ጊዜ ክትሩን የሚጠግን ይጠፋል።

ሌላው የክፍያ መንገድ ካርቦን መሸጥ ነው፤ በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ ተከልሎ አገግሞ የካርቦን ገቢ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ደርሷል። ጋይንት ግን እስከ ገደሉ አፋፍ የሚታረስ አገር ስለሆነ የሚሸጠው ካርቦን ጥቂት ነው፤ ሀብቱ ያልታጠበ አፈር ነው። አፈሩን ለሚጠብቅ ገበሬ ለመክፈል የሚቀርበው አብነት በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኬንያው የላይኛው ታና የውኃ ፈንድ ነው፤ የናይሮቢ ውኃ ድርጅት፣ ኃይል አመንጪውና መጠጥ ፋብሪካዎች ያዋጣሉ፤ ከላይ ያሉት ገበሬዎች ችግኝ፣ የእርከን ድጋፍና የውኃ ማቆሪያ ያገኛሉ።

በዓባይ ላይ ካርቱምንና ካይሮን መዋጮ መጠየቅ ከፖለቲካ ጋር ያላትማል። ከኤሌክትሪክ ሽያጭ ጥቂት ሳንቲም መመደብ ግን የአገር ውስጥ ውሳኔ ነው። የእያንዳንዱን ቀበሌ ደለል ለይቶ መለካት አድካሚ ስለሆነ ክፍያው ከክረምቱ በኋላ ሳይፈርስ በተገኘው እርከንና ከልቅ ግጦሽ ተጠብቆ በቆየው ተዳፋት ልክ ቢሆን ይሻላል። ያኔ የወረዳው ባለሙያ ለቆጠራ የሚወጣው በየካቲት ሳይሆን በጥቅምት ይሆናል።