ከግብር አዳራሽ እስከ ነገሌ ማዕድ

በጥር ወር 1966 ዓ.ም. የምድር ጦር ዋና አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ከአዲስ አበባ ወደ ነገሌ ቦረና ሄዱ። በዚያ የሰፈረው ጦር ጥር 4 ቀን በአለቆቹ ላይ ተነሥቶ መኮንኖቹን ይዞ ነበርና፣ የጄኔራሉ ተልእኮ ነገሩን መርምሮ ወታደሩን ማብረድ ነበር። ወታደሮቹ ግን መልእክተኛውንም ያዙ። ከያዟቸውም በኋላ ማዕድ አቀረቡላቸው፤ ምግቡ ወታደሩ በየቀኑ የሚመገበው፣ ውሃውም ወታደሩ በየቀኑ የሚጠጣው ነበር። ጄኔራሉ ከዚያው በሉ፣ ከዚያው ጠጡ፤ በዚህም ምክንያት እንደ ታመሙ ይነገራል።

አዲስ አበባ በዚያ ዘመን በግብዣ የታወቀች ከተማ ነበረች። በቤተ መንግሥቱ የሚደረገው የራት ግብዣ፣ በታላላቆቹ ሆቴሎች የሚዘረጋው ገበታ፣ የጋዜጣና የሬዲዮ ወሬ ነበር። ከዋና ከተማው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በነገሌ የቀረበው ማዕድ ግን በጋዜጣ አልወጣም። ሆኖም የዘመኑን የኢትዮጵያ ታሪክ የጻፉ ሰዎች የ1966ቱን አብዮት መነሻ ሲፈልጉ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚህ ነው።

የወታደሮቹ አቤቱታ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ምግቡ መጥፎ ነው፤ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ የለም። የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳይጠገን ቀረ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ወታደሩ ከዚያ እንዲቀዳ ሲጠይቅ ተከለከለ። እንግዲህ የነገሩ ሥር አንድ የቆመ ፓምፕና አንድ የተዘጋ ጉድጓድ ነበር ማለት ነው። ይሁንና ወታደሮቹ ለአዛዣቸው አቤቱታቸውን በወረቀት ብቻ ጽፈው መስጠት ሲችሉ ስለ ምን ማዕድ አቀረቡ? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ የኢትዮጵያ ጌታና ጭፍራ እንዴት ይመገቡ እንደ ነበር መመልከት ያስፈልጋል።

በአማርኛ «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ገበሬው ለመንግሥት የሚከፍለው ነው፤ ሁለተኛው ጌታው ለጭፍራው የሚያበላው ግብዣ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው እንዲያው የመጣ አይመስልም። ከባላገሩ እህሉ፣ ማሩና ሰንጋው ወደ ጌታው ግቢ ይገባል፤ ከጌታው ግቢ ደግሞ እንጀራ፣ ጠጅና ብርንዶ ሆኖ ለወታደሩ ይወጣል። ወታደሩ ደመወዝ በማያውቅበት ዘመን የጌታና የሎሌ ውል የሚታደሰው በዚህ ገበታ ላይ ነበር። ጭፍራውን የማያበላ ጌታ ጭፍራው ሌላ ጌታ ፍለጋ ይሄድበታል፤ «ገበታው የጠበበ» መባልም ለመኳንንት ትልቅ ነቀፌታ ነበር።

ይህ ሥርዓት ከፍ ብሎ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ነው። በእሑድና በዓመት በዓል ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ እየገባ ይመገብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለው አልጋ ላይ ተቀምጠው አስቀድሞ በመጋረጃ ውስጥ ከታላላቁ መኳንንትና ከካህናቱ ጋር ይበላሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፤ አጋፋሪዎቹ በሮቹን ይከፍታሉ፤ ወታደሩ በየአለቃው ተሰልፎ ይገባል። አሳላፊዎች ብርንዶውን በእንጨት ተሸክመው በረድፉ መካከል ያልፋሉ፤ ሁሉም በየቢላዋው እየቆረጠ ይበላል። እኩልነት ግን አልነበረም። ለታላላቁ የተመረጠው እንጀራና በብርሌ የሚቀዳ የጠራ ጠጅ ይቀርባል፤ ለጭፍራው ደግሞ ወፈር ያለው እንጀራና በቀንድ ዋንጫ የሚቀዳው ጠጅ። ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ምን እንደ በላ ያየ ሰው የመንግሥቱን ሹመት ሁሉ ያነበበ ያህል ነው። ቢሆንም አንድ ነገር አለ፤ ጌታው ጭፍራው ሲበላ ያያል፤ ጭፍራውም ጌታው እንደሚያየው ያውቃል። ምግቡ ከጎደለ ጉድለቱ የሚታየው በንጉሡ ፊት ነው።

የዚህ ገበታ ዋና አዛዥ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ነበር። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ከአዳራሹ ይወጣል፤ ሽሮና አትክልት ይገባል፤ በፋሲካ ሰንጋው በብዛት ይጣላል፤ በመስቀል ደግሞ የክረምቱ ማብቃት በግብር ይከበራል። ዛሬ በታላላቅ የዓለም ከተሞች «የወቅቱ ምግብ» ብለው ውድ ዋጋ የሚጠይቁ ምግብ ቤቶች አሉ። ወቅትን ተከትሎ መብላት ለኢትዮጵያ አዳራሽ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ እንግዳው ነገር ዋጋ መጠየቁ ነበር።

ይህም የታየው እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ ነው። መኳንንቱ በሆቴሉ በልቶ ገንዘብ መክፈልን እንደ ነውር ቆጥረው ለመምጣት እንዳመነቱ፣ ንጉሡና ንግሥቲቱም ራሳቸው እየጋበዙ እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ጥቂት ሳይጨመርበት አልቀረም፤ ያም ሆኖ ፍሬ ነገሩ የሚታመን ነው። እህል የሚበላው በውለታ በነበረበት አገር፣ እህል በሒሳብ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጊዜ ነበርና። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ከባድ የእሳት ቃጠሎ ደርሶበታል።

ወደ ደቡብ ቆላ ሲወረድ ገበታው ሌላ መልክ አለው። በቦረና ምድር ዓመቱ የሚቆጠረው በዝናብ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የትልቁ ዝናብ ወቅት ጋና፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት አዶሌሳ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ትንሹ ዝናብ ሀገያ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሐሩር ደግሞ ቦና ይባላል። በጋና ሣሩ ያድጋል፤ ላሟ ትታለባለች፤ ሴቶች ከሥራ ሥር ፈትለው የሚሠሩት፣ በጭስ የሚታጠነው ጪጮ በወተት ይሞላል። ለእንግዳ ቡና ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ይቀርባል። በቦና ግን ወተቱ ይነጥፋል፤ ከብቱ ሩቅ ይነዳል፤ እህል ከገበያ ይሸመታል። ነገሌን፣ ፊልቱን፣ ሞያሌን በመሰሉት ከተሞች በግመል ወተት የሚፈላው ሻይ፣ ከፍየል ሥጋ ጋር የሚቀርበው ሩዝና ከጣሊያን ዘመን ወዲህ የተለመደው ፓስታ ሁሉ ከዚሁ ወቅት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ወቅቱ ሲከፋ ሕይወት የሚንጠለጠለው በጉድጓድ ላይ ነው። ከነገሌ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዳዋ ወንዝ ማዶ፣ በዱብሉቅና በዌብ አካባቢ ያሉት ጥንታዊ የቱላ ጉድጓዶች መሐንዲስ ሁሉ ሊያያቸው የሚገባ ሥራዎች ናቸው። አንዳንዶቹ 30 ሜትር ያህል ይጠልቃሉ። በጠንካራው አለት ውስጥ የተቆፈሩት በእጅ ነው። ውሃው የሚወጣው ከ10 የሚበልጡ ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ደረጃ ሠርተው ቆመው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ በቁርበት መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ በማሳለፍ ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ በጎሣ የሚጠበቅ ባለቤት አለው፤ የዕለቱን ተራ የሚመራ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊም አለው። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን በኋላ እንደሚጠጣ የተወሰነ ነው፤ ተራውን የጣሰ ይቀጣል። መንገደኛን ለጥሙ ከሚጠጣው ውሃ መከልከል ግን በቦረና ዘንድ ነውር ነው። ሥርዓቱ ከብትን በተራ ያስጠብቃል፤ የተጠማን ሰው አያስጠብቅም።

የነገሌን መንገድ የሚያውቅ ሰው ስንቅና ውሃ በዚህ አገር ምን ያህል ከጦር መሣሪያ እንደማይተናነሱ ከ1928ቱ ጦርነት መረዳት ይችላል። ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ የመሩት ጦር በእግርና በበቅሎ ተጉዞ፣ በገናሌ ወንዝ ሸለቆ በረሃብና በበሽታ ተዳክሞ ነበር። ግራዚያኒ ጥር 3 ቀን ማጥቃት ሲጀምር ስንቁን የሚያጓጉዘው በከባድ መኪና ነበር። ከዶሎ እስከ ነገሌ ያለውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አቋርጦ ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ነገሌን ያዘ። የኢትዮጵያ ወታደር ድፍረት አልጎደለውም፤ የጎደለው እንጀራና ኪኒን ነበር። ይህ ትምህርት ከ38 ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ ለሰፈረው ጦር አዛዦች መድረስ ነበረበት።

ከነፃነት በኋላ የተቋቋመው ዘመናዊ ጦር የግብሩን አዳራሽ ትቶ ወታደሩን በደመወዝና በቀለብ ማስተዳደር ጀመረ። ይህ መልካም ለውጥ ነበር፤ አብሮት ግን አንድ ነገር ጠፋ። የመኮንኖች ክበብና የወታደሩ ምግብ ቤት በግድግዳ ተለያዩ። አለቃው ወታደሩ ሲበላ ማየቱ ቀረ፤ የሚያየው የወጪውን ሒሳብ ነው። በምኒልክ አዳራሽ መጋረጃው በየግብሩ ይገለጥ ነበር፤ በጦር ሰፈሩ ግን መጋረጃው ተገልጦ የማያውቅ የሲሚንቶ ግድግዳ ሆነ።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ የራሷን አዲስ አዳራሾች ትሠራ ነበር። በ1962 ዓ.ም. የተከፈተው ሂልተን ሆቴል የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በሚያስታውስ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ መዋኛ ነበረው፤ ውሃውም ከከተማው ፍልውሃ የሚመጣ ነው። እንደ ምህንድስና ሥራ የሚደነቅ ነው። ነገሌ ላይ የጎደለው ደግሞ እንዲህ ያለ ጥበብ እንኳ አልነበረም። ለ1000 ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በነፍስ ወከፍ 10 ሊትር ቢመደብ በቀን 10 ሜትር ኩብ ውሃ ያስፈልጋል። ጉድጓዱ 30 ሜትር ቢጠልቅ፣ የመሣሪያውም ብቃት ግማሽ ብቻ ቢሆን፣ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይህን ውሃ ከ2 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያወጣዋል። በቱላው አሠራር፣ በ10 ሊትር መቅጃ፣ 1000 ጊዜ መቅዳት ይጠይቃል፤ ይህም ቢሆን የቦረና እረኞች በየቦናው የሚሠሩት ሥራ ነው። ፓምፑ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነበር። ያልተጠገነውም በቦና ወር፣ ውሃ በአገሩ ሁሉ በጠፋበት በጥር ነው።

ስለዚህ ወታደሮቹ ለጄኔራሉ ማዕድ ሲያቀርቡ የድሮውን ግብር ገልብጠው አቀረቡት ማለት ይቻላል። ጌታ ጭፍራውን በማብላት ውሉን ያድስ ነበር፤ አሁን ጭፍራው ጌታውን አበላ። ይህን ሲያደርጉ የምኒልክን አዳራሽ ያስቡ ነበር ብሎ መናገር ይከብዳል፤ ነገር ግን ማዕዱን ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ትርጉሙ አይጠፋውም።

ንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታው እንደሚታይ ቃል ገቡ፤ በዐመፁ የተቀጣ አልነበረም። መንግሥት ነገሩ እንዳይወራ ፈለገ፤ ወሬው ግን በጦሩ የሬዲዮ መገናኛ ከሰፈር ወደ ሰፈር ተሻገረ። በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ ቀጥሎም በአሥመራ የሁለተኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች ተነሡ፤ በነዳጅ ዋጋ ምክንያት ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራንም አደሙ። በዚያው በየካቲት የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ሰኔ 21 ቀን ደርግ ተቋቋመ።

ማዕድ በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ብቅ አለ። በወሎ ረሃብ የሚያልቀውን ሕዝብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾት የነበረው ፊልም፣ በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱን ግብዣ ምስል አስገብቶበት ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ በአንድ መስኮት ሁለቱን ገበታዎች ጎን ለጎን አየ። በማግስቱ ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው 60 ሰዎች መካከል ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ አንዱ ነበሩ። የነገሌን ውሃ ከጠጡ ገና አንድ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።