የናፍጣ ሞተር እስትንፋስና ውኃ

በክረምት ወራት ለመንግሥት ሥራ ወደ ገጠር የወጣ ሰው ሁሉ፣ አንድ ቀን ከወንዝ ዳር ደርሶ መቆሙ አይቀርም። ትናንት በእግር ይሻገሩት የነበረው ወንዝ ዛሬ ደፍርሶ ሞልቷል፤ ከማዶ የሚጠብቅ ሥራ አለ፤ ሹፌሩም እጁን ከመሪው ላይ አድርጎ የአለቃውን ፊት ይመለከታል። በዚያች ደቂቃ «ግባ» ወይም «ቁም» የሚለውን ቃል የሚናገረው ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ሳይሆን ከጎኑ የተቀመጠው ሹም ነው። ስለዚህ የዛሬውን ንግግር «ይህስ የጋራዥ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት እንለምናለን።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ለአዲስ ሞተር የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ1897 ዓ.ም. በአውግስቡርግ ከተማ የተፈተነው ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለመለወጥ ቻለ፤ ይህም በዚያ ዘመን ከነበሩት የእንፋሎት ሞተሮች የላቀ ነበር። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በካንዴላ ብልጭታ ሲያቀጣጥል፣ የናፍጣ ሞተር አየርን ብቻ ስቦ አጥብቆ ይጨምቀዋል። የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚግል፣ ናፍጣው በተረጨበት ጊዜ ያለ አንዳች ብልጭታ ይነዳል። ይህ ሞተር በ1936 ዓ.ም. መርሴዲስ ቤንዝ ባወጣው 260 ዲ በተባለው መኪና አማካይነት ወደ ቤት መኪና ገባ።

እንግዲህ የሞተሩ ብርታትም ድካምም ከዚሁ ከመጨመቅ የመጣ ነው። አየር ቢጨምቁት እሺ ይላል፤ ውኃ ግን እሺ አይልም። ግማሽ ሊትር የሚስብ አንድ ሲሊንደር አየሩን 20 እጥፍ የሚጨምቅ ቢሆን፣ ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ 26 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ግማሽ ሲኒ ቡና እንኳ አይይዝም። ከዚህ የበለጠ ውኃ በአየር መሳቢያው በኩል የገባ እንደ ሆነ፣ ፒስተኑ ከዓለት ጋር እንደ ተጋጨ ይቆጠራል፤ ቢዬላው ይጎብጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። የቤንዚን ሞተር የኤሌክትሪክ መሣሪያው በራሰ ጊዜ አስቀድሞ ሊጠፋ ይችላል፤ የናፍጣው ግን ብልጭታ ስለማያሻው፣ ውኃውን እስኪውጥ ድረስ መሥራቱን አይተውም።

ይህን ችግር ቀድመው የተረዱት የባሕር ሰዎች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሆላንድ ባሕር ኃይል መኮንን ያን ያኮብ ዊኸርስ፣ ሰርጓጅ መርከብ ሳትወጣ የናፍጣ ሞተሯን ታስነሣ ዘንድ ከውኃው በላይ አየር የሚስብ ረጅም ቱቦ አሰበ። ጀርመኖች በ1940 ዓ.ም. ሆላንድን ሲይዙ መሣሪያውን አገኙት፤ በጦርነቱም ማብቂያ ላይ «ሽኖርክል» ብለው በብዙ መርከቦቻቸው ላይ ተከሉት። ማዕበል በመጣ ጊዜ የቱቦው ክዳን በራሱ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ አየሩን ከመርከቧ ውስጥ ስለሚስብ የመርከበኞቹ ጆሮ እጅግ ይታመም ነበር።

በየብስ ላይ ግን ትምህርቱ በሰው ሕይወት ተከፈለ። በኅዳር ወር 1943 ዓ.ም. አሜሪካኖች በፓስፊክ ውቅያኖስ በታራዋ ላይ ሲያርፉ፣ ባለ ናፍጣ ሞተር የሆኑ 14 የሸርማን ታንኮች ከባሕሩ ውስጥ ካለው ዓለት ላይ ወርደው በውኃ ውስጥ ወደ ዳር እንዲሄዱ ታዘዙ። አየር መሳቢያቸውን ከፍ የሚያደርግ ቱቦ አልነበራቸውም። መድፍ የቆፈረውን ጉድጓድ እንዲያመለክቱ ሰዎች በእግራቸው ይቀድሟቸው ነበር፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በተኩስ ወደቁ፤ ከታንኮቹም አንዳንዶቹ ከጉድጓድ ገብተው ሰመጡ። ከዚህ በኋላ አየር መሳቢያውንና ማርሚታውን ከፍ የሚያደርግ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ መሰል ሣጥን ከታንኮች ኋላ መግጠም ተለመደ። በሰኔ 6 ቀን 1944 ዓ.ም. በኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ብዙ ታንኮች በዚሁ ዝግጅት ወጡ።

ዛሬ በአንዳንድ የመስክ መኪና ላይ ከኮፈኑ ጎን ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የሚወጣው ቱቦ የዚያ አሳብ የልጅ ልጅ ነው፤ ስሙንም ስኖርክል እንደ ተባለ ወርሷል። ነገር ግን ቱቦው የሚረዳው መጋጠሚያው ሁሉ ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተዘጋ እንደ ሆነ ነው፤ አንዲት የላላች መያዣ ካለች፣ ረጅሙ ቱቦ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ደግሞም ቱቦው ሞተሩን እንጂ ሰውን አይጠብቅም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» እንደ ተባለው፣ የሚፈስ ጎርፍ ሞተሩ ሳይጠፋ መኪናውን ከነተሳፋሪው አንሥቶ ሊወስድ ይችላል።

ስለዚህ ጥልቀቱ ያልታወቀ ውኃ አይገባበትም፤ የሞላ ወንዝም እስኪጎድል ይጠበቃል። ሞተሩ ከውኃ ውስጥ ቢጠፋ፣ ሹፌሩ እንደ ገና ሞተሪኖውን እንዲነካ አትዘዙት፤ ከመጀመሪያው መጥፋት የተረፈውን ቢዬላ የሚያጎብጠው ብዙ ጊዜ ይህ ሁለተኛው ሙከራ ነውና። መኪናው ተጎትቶ ይውጣ፤ የአየር ማጣሪያው ይታይ፤ ማጣሪያው ርሶ ከተገኘ መካኒክ የናፍጣ መርጫዎቹን ፈትቶ ውኃውን ያስወጣ፤ ዘይቱም ነጥቶ እንደ ወተት መስሎ እንደ ሆነ ይለወጥ።

ክቡራን አንባብያን፤ አንድ ቀን የዘገየ ጉዳይ በማግሥቱ ይፈጸማል፤ የዘገየበትም ምክንያት በአንድ ገጽ ደብዳቤ ይገለጻል። ወንዝ የወሰደው ሹፌር ግን በደብዳቤ አይመለስም። ከወንዙ ዳር ቆማችሁ ሹፌሩ ፊታችሁን በተመለከተ ጊዜ፣ «እንጠብቅ» ማለት የፍርሃት ሳይሆን የኃላፊነት ቃል መሆኑን አስቡ።