የአምስት ሳንቲም ማኅበርተኞች

ለአንዲት የአራት ዓመት ልጅ “ጥቁር መሆን ነውር ነው” ብሎ በአፉ የነገራት ሰው ላይኖር ይችላል። እሷ ግን ታውቀዋለች። ከየት ሰማችው? ከሱቅ መስኮት፣ ከሥዕል መጽሐፍ፣ ከመምህርቷ አስተያየት፣ አንዳንዴም ከገዛ አክስቷ አፍ። ልጅ የተነገረውን ሊረሳ ይችል ይሆናል፤ ሲታይ የኖረበትን ዓይን ግን አይረሳም።

ይህን ነገር በቁጥር ያስቀመጠችው ማሚ ፊፕስ ክላርክ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች የጀመረችውን ጥናት በኋላ ከባለቤቷ ከኬኔት ክላርክ ጋር ሆና አሰፋችው። መሣሪያቸው አራት አሻንጉሊት ነበር፤ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቡኒ፣ ከቀለማቸው በቀር በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት። ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን 253 ጥቁር ሕፃናት እየጠሩ “መጫወት የምትፈልጉት በየትኛዋ ነው?” ብለው ጠየቁ። ከመቶ 67ቱ ነጯን መረጡ። “መጥፎ የምትመስለውስ?” ሲባሉ ከመቶ 59ኙ ቡኒዋን አነሡ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ከባዱ ጥያቄ የመጣው፦ “እናንተን የምትመስለው የትኛዋ ናት?” አሁን ገና “መጥፎ” ብለው የጠቆሟትን አሻንጉሊት ማንሳት ያቃታቸው፣ አልቅሰው ከክፍሉ የወጡ ልጆች ነበሩ።

ውጤቱ በ1947 ታተመ። በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሲወስን የኬኔት ክላርክን ሥራ በግርጌ ማስታወሻ ጠቅሷል። የማሚ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከባሏ ስም ቀጥሎ ነው። ለነገሩ ይኼም ራሱን የቻለ ሌላ የአሻንጉሊት ጥናት ይወጣዋል!

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የፍርድ ቤት ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ግን ሳይንሱ ሳይመጣ በፊት፣ ፍርድ ቤቱም ሳይሰማ በፊት፣ እነዚያን ልጆች ሲያባብሉና ቀና ሲያደርጉ ስለኖሩት ሴቶች ነው። ደመወዝ አልነበራቸውም። የነበራቸው ማኅበር ነው።

ነገሩ በደብዳቤ ይጀምራል። አይዳ ቢ ዌልስ የተባለችው ጋዜጠኛ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዳ በአገሯ ጥቁሮች ያለ ፍርድ በመንጋ እየተሰቀሉ መሆኑን ስታጋልጥ፣ የሚዙሪ የጋዜጠኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረ ጄምስ ጃክስ የሚባል ሰው ወደ እንግሊዝ የስድብ ደብዳቤ ላከ። የጥቁር ሴቶችን ሥነ ምግባር በጅምላ አራክሶ፣ ሕዝቡን በሙሉ ሌባና ውሸታም አድርጎ ጻፈ። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ጆሴፊን ሴንት ፒየር ረፊን በሐምሌ 1895 ቦስተን ላይ ጉባኤ ጠራች። በዓመቱ ሐምሌ 1896 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ሁለት ትልልቅ ስብስቦች ተዋሕደው የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ወላጆቿ በባርነት የተወለዱት ሜሪ ቸርች ቴሬል ነበረች። መፈክራቸው በእኛ ቋንቋ “ስንወጣ ሌላውን እየሳብን” ሊባል ይችላል።

የ1896ን ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ አቆጣጠር 1888 ነው፤ የዓድዋ ዓመት። የካቲት ላይ እኛ ዓድዋ ላይ ድል አደረግን፤ ግንቦት ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት “ለየብቻ ግን እኩል” በሚል ሽፋን ዘር መለየትን ሕጋዊ አደረገ፤ ሐምሌ ላይ እነዚህ ሴቶች ማኅበራቸውን አቆሙ። ሦስቱም በአንድ ዓመት። ጥቁርነት በአንድ አገር በጦር ሜዳ ሲከበር፣ በሌላ አገር በፍርድ ቤት ሲዋረድ፣ ሴቶቹ የቀራቸውን ቦታ ያዙ፦ ቤትን፣ ሰፈርን፣ የልጃገረዶችን ልብ።

ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኒውዮርክ ወደብ እንሂድ። ከደቡብ በመርከብ የሚመጡ የገጠር ልጃገረዶች ገና እግራቸው መሬት ሳይረግጥ ደላላ ይጠብቃቸዋል። “ሥራ አለ፣ ማደሪያ አለ” ይላቸዋል፤ መጨረሻው ዕዳና ጎዳና። (የእኛ አውቶቡስ ተራ ትዝ አይላችሁም?) በባርነት የተወለደችው ቪክቶሪያ ኧርል ማቲውስ በ1897 ለእነዚህ ልጆች “ኋይት ሮዝ” የሚባል ማረፊያ ቤት ከፈተች። ከደላላው ቀድሞ ወደቡ ላይ የሚቀበላቸው ሰው መደበች። ልጆቹ እዚያ አልጋ አገኙ፣ ስፌትና ምግብ ማብሰል ተማሩ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቤተ መጻሕፍቷ ነው። ጥቁሮች የጻፏቸውንና ስለ ጥቁሮች የተጻፉ መጻሕፍትን ሰብስባ የሕዝባቸውን ታሪክ ታስተምራቸው ነበር። ማደሪያ የሌላት ልጅ ታሪክ ምን ያደርግላታል የሚል አይጠፋም። ማቲውስ ግን አልጋውንም መጽሐፉንም በአንድ ጣራ ሥር አስቀመጠች።

ጄን ኤድና ሃንተር ደግሞ የሠለጠነች ነርስ ሆና በ1905 ክሊቭላንድ ስትደርስ ለጥቁር ሴት የሚከራይ ደኅና ክፍል አጣች። በ1911 ጥቂት ሴቶችን ሰበሰበች፤ ሁሉም ሠርተው አዳሪ ናቸው። በሳምንት አምስት አምስት ሳንቲም ለማዋጣት፣ እያንዳንዷም አንድ አዲስ አባል ለማምጣት ተስማሙ። በቃ፣ የእኛ ዕድር! ከዚያች አምስት ሳንቲም የተነሳው ቤት በኋላ በከተማው የታወቀ ትልቅ ተቋም ሆነ። ስያሜውን የወሰዱት ከገጣሚዋ ፊሊስ ዊትሊ ነው። ፊሊስ በ1761 ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗት ከአፍሪካ ተሰርቃ ቦስተን የተሸጠች፣ በ1773 የግጥም መጽሐፍ ያሳተመች ልጅ ናት። “ፊሊስ” ያመጣቻት መርከብ ስም ነው፤ “ዊትሊ” የገዟት ሰዎች ስም። እናቷ ያወጣችላት ስም አይታወቅም። ስሟን እንኳ የተቀማች ልጅ ለሌሎች ልጆች መጠለያ ስም ሆነች።

ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን በጥቅምት 1904 ፍሎሪዳ ዴይቶና ውስጥ ትምህርት ቤት ስትከፍት ኪሷ ውስጥ የነበረው አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነው። ተማሪዎቿ አምስት ልጃገረዶችና የራሷ ወንድ ልጅ። እርሳሱ የተቃጠለ እንጨት፣ ቀለሙ የዱር ፍሬ ጭማቂ። ከስኳር ድንች ጣፋጭ እየጋገረች ሸጣ ቤቱን አቆመች። ያቺ ትምህርት ቤት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ናት።

ናኒ ሄለን በሮውስም በ1909 ዋሽንግተን ውስጥ የልጃገረዶች ማሠልጠኛ ከፈተች። መመሪያዋ ሦስት ነገር ነበር፤ በእንግሊዝኛው ሦስቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ ደግነቱ በአማርኛም ይገጥማሉ፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ መታጠቢያ፣ መጥረጊያ። ከእነዚህ ጋር የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ግዴታ ነበር። ይህች ሴት በ1904 ባወጣችው ጽሑፍ ፊታቸውን የሚያቀሉ፣ ጸጉራቸውን በግድ የሚያለዝቡ ሴቶችን ክፉኛ ተችታለች። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ማለት ነው። የሚያቀላው ቅባት ዛሬም ከገበያ አልጠፋም።

እንግዲህ ሴቶቹን ቅዱሳን አድርገን እንዳንስላቸው። ብዙዎቹ የተማሩና የተደላደሉ ነበሩ፤ ድሃዋን ልጅ “ጨዋ” ለማድረግ ሲጥሩ አረማመዷን፣ አለባበሷን፣ አሳሳቋን ሳይቀር ይቆጣጠሩ ነበር። “እንዲህ ብትሆኚ ያከብሩሻል” የሚለው ምክር ውስጡ መርዝ አለበት፤ ካላከበሩሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለት ይሆናል። የሃንተር ቤትም ልጆቹን ለቤት ሠራተኛነት ያሠለጥናል፣ መለያየትን ይቀበላል ተብሎ በጊዜው ተተችቷል። ትችቱ ትክክል ነው። ያም ሆኖ ትችቱ ሲጻፍ ልጆቹ ማደሪያ ያስፈልጋቸው ነበር።

“ልጅን ራሷን እንድታከብር ማስተማር ምን ይፈይዳል፣ መለወጥ ያለበት የሚንቃት ሥርዓት ነው” የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ የሜሪ ቸርች ቴሬል ሕይወት ነው። በየካቲት 1950፣ በ86 ዓመቷ፣ ከጓደኞቿ ጋር ዋሽንግተን ውስጥ ወዳለ የቶምፕሰን ምግብ ቤት ገባች። አናስተናግድም ተባለች። ከሰሰች። ከ1872 እና 1873 ጀምሮ ተረስተው የኖሩ፣ ምግብ ቤቶች በቀለም እንዳይለዩ የሚከለክሉ ሕጎች ነበሩ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ 1953 አሸነፈች። በሐምሌ 1954 አረፈች፤ የትምህርት ቤቱን ውሳኔ ሰምታ ነው የሞተችው። በወጣትነቷ ልጃገረዶችን ታነሳ የነበረችው ሴትና በእርጅናዋ ሥርዓቱን ፍርድ ቤት ያቆመችው ሴት አንድ ናት። ሁለቱን ሥራ የሚያጣላቸው የለም።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። ከክላርክ ጥናት በኋላ ሰው ሁሉ ጥቁር ልጅ ራሷን ትጠላለች ብሎ ደምድሞ ነበር። ዊልያም ክሮስ የተባለ ተመራማሪ በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ አሻንጉሊት መምረጥና ለራስ የሚሰጥ ግምት አንድ አይደሉም ብሎ ተከራከረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ማኅበር ወደ 3,000 በሚጠጉ ልጆች ላይ ያስጠናውን ሲያወጣ፣ ልጃገረዶች ወደ ጉርምስና ሲገቡ በራሳቸው ላይ ያላቸው እምነት እንደሚያሽቆለቁል፣ ጥቁር ልጃገረዶች ግን በጥቅሉ እንደያዙት እንደሚቆዩ ተገኘ። የሚያሽቆለቁለው በትምህርት ቤታቸውና በመምህሮቻቸው ላይ ያላቸው እምነት ነበር።

ይህ ምን ይነግረናል? ዓለም ሲንቃት የዋለች ልጅ ማታ ቤቷ ስትገባ የሚያክማት ሰው ነበራት ማለት ነው። እናት፣ አያት፣ የቤተ ክርስቲያን እትዬዎች፣ ማኅበርተኞች። በሥነ ጽሑፍ መምህርነቴ ዘመን የቶኒ ሞሪሰንን በ1970 የታተመ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ተማሪዎቼ ሲያነቡ፣ ሰማያዊ ዓይን ስለምትመኘው ስለ ፔኮላ አብዝተው ያዝኑ ነበር። እኔ ደግሞ “ፔኮላን ማን አጣት? ማንንስ አጣች?” እላቸው ነበር። ከውበት ይልቅ ያጣችው ጠያቂ ነው።

ሥራው ዛሬም አላለቀም። በ2005 ኪሪ ዴቪስ የተባለች የኒውዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የአሻንጉሊቱን ጥያቄ ደግማ ለ21 ሕፃናት ብታቀርብ 15ቱ ነጯን መረጡ። በ2017 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዋቂ ሰዎች ጥቁር ሴት ልጅን ገና ከ5 ዓመቷ ጀምሮ ከነጭ እኩያዋ ያነሰ እንክብካቤና ማባበል የሚያስፈልጋት አድርገው እንደሚያዩ አሳዩ። በጸጉሯ ምክንያት ከትምህርትና ከሥራ እንዳትገለል የሚከላከል ሕግ ካሊፎርኒያ ያወጣችው በ2019 ነው። ማኅበሮቹም አልተኙም። በ1913 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 22 ተማሪዎች የመሠረቱት ዴልታ ሲግማ ቴታ ከ11 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በቤቲ ሻባዝ ስም የሚጠራ ፕሮግራም አለው። የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ሲታይ ቀላል ነው፦ ሒሳብ አብሮ መሥራት፣ ጸጉር አብሮ መጎንጎን፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ ቃል በገቡበት ቀን መገኘት። ከባዱ የመጨረሻው ነው። ልጅ ንግግር አትቆጥርም፤ የቀሩባትን ቅዳሜ ግን ትቆጥራለች።

ይህ ታሪክ የሰው አገር ታሪክ የሚመስለው ካለ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ይመልከት። እዚያ የሚያድጉ ልጆቻችን ቤት ውስጥ “ሐበሻ” ናቸው፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ግን ጥቁር ናቸው፤ መምህሩ ከየት መጣሽ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ዓይቶ ጨርሷል። ቤት ሲመለሱስ ምን ይሰማሉ? ዞማ፣ ሉጫ፣ ከርዳዳ። “ጠቆር ብትልም መልኳ ያምራል።” የሰዋስው ሰው ስለሆንኩ “ብትልም” ላይ ያለችውን “ም” እያት እላለሁ። ያቺ አንዲት ፊደል የክላርኮችን አራት አሻንጉሊቶች ታክላለች። እንግዳው ልጅቷን ያሞገሰ መስሎታል፤ እናቷም “አመሰግናለሁ” ብላለች፤ ልጅቷ ግን “ም”ን ይዛ ክፍሏ ገብታለች።

ማኅበር መመሥረት ለእኛ አዲስ አይደለም። ዕድር እናውቃለን፣ ዕቁብ እናውቃለን፣ ለለቅሶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን እንተክላለን። ሰው ሲሞት እንዲህ የምንሰባሰበውን ያህል በቁም ላለች ልጅ በወር ሁለት ቅዳሜ እንሰባሰብ ቢባል ምን ያቅተናል? ቡና ይፈላ፣ ጸጉር ይጎንጎን፣ የማቲውስና የቤቱን ታሪክ ከዓድዋው ጋር ይነገር። ጎረቤት ያሉት የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበራትም በራቸው ክፍት ነው፤ በዚህ ሥራ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ይቀድሙናልና ሄዶ መጠየቅ አያሳፍርም። መዋጮው ቢጠፋ ከአምስት ሳንቲም መጀመር ይቻላል። “ም”ን ከቤታችን ማስወጣት ደግሞ አምስት ሳንቲምም አይጠይቅም።