የሂፖካምፐስ መጠጠር፦ የሚጥል በሽታ ትውስታን ሲነካ

ሂፖካምፐስ በግራና በቀኝ አንጎል ውስጥ፣ ከጆሮ አካባቢ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኝ ጥንድ አካል ነው። አዲስ የሰማነውንና ያየነውን ወደሚቆይ ትውስታ የሚያሻግረው እሱ ነው።

«ሂፖካምፓል ስክለሮሲስ» የዚህ አካል ጉዳት መጠሪያ ነው። የነርቭ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ ቦታቸውን ጠባሳ ይይዘዋል፣ አካሉም ተኮማትሮ ይጠጥራል። ስለዚህ «የሂፖካምፐስ መጠጠር» ቢባል ሐኪሙም ታማሚውም ይግባቡበታል። በኤምአርአይ ምስል ላይ የተጎዳው ወገን ከጤነኛው አንሶ፣ በአንዳንዶቹ ምስሎችም ነጣ ብሎ ይታያል። መድኃኒት አልበግረው ብሎ ለቀዶ ሕክምና በሚዳርግ የአዋቂዎች የሚጥል በሽታ ላይ በብዛት የሚገኘው ጉዳት ይኸው ነው።

አካሉ ለትውስታ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታወቀው በአንድ አሜሪካዊ ላይ በደረሰው ከባድ ጉዳት ነው። ሄንሪ ሞሌሰን በሚጥል በሽታ ክፉኛ ይሠቃይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ዶክተር ዊሊያም ስኮቪል በሃርትፎርድ ከሁለቱም ወገን የሂፖካምፐስን ትልቅ ክፍልና አጎራባቹን ሥጋ አወጡለት። መንፈራገጡ ቀነሰ፤ አዲስ ነገር ማስታወስ ግን አቃተው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ብሬንዳ ሚልነር ለዓመታት ሲያጠኑት በተገናኙ ቁጥር አዲስ ሰው ይሆኑበት ነበር። እጁን በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዙሪያውን እንዲከተል ሲያደርጉት ግን ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ሄደ፤ ከዚያ በፊት መሞከሩን ግን አያስታውስም። የእጅ ልምድና የሁነት ትውስታ በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው የተለያየ መሆኑ በዚህ ተገለጠ።

ዛሬ ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ አስቀድሞም የታማሚው ትውስታ ይፈተሻል። ብዙውን ጊዜ ቋንቋ በግራ አንጎል ስለሚመራ፣ የግራው ሂፖካምፐስ ሲጠጥር የሰው ስምና የተነገረ ቃል ቶሎ ይጠፋል። የቀኙ ጉዳት ደግሞ መልክንና ቦታን ማስታወስ ሊያከብድ ይችላል፤ ይሄኛው ግንኙነት ግን የግራውን ያህል ጎልቶ አይታይም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ትናንት የተማረው ዛሬ ሲጠፋበት «ሰነፍ» መባሉ በደል ነው። ወላጅ ሆይ፣ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ስንት ጊዜ እንደጣለው ብቻ ሳይሆን ምን ምን እንደሚረሳም ይንገሩ፤ መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አያቋርጡ።